ወገቤን ነው ያልኳት ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጸጉር ቤቱን ከፈትኩ። ወንበሮቹን ወለወልኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ... መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰውዬ ብቻውን ፈገግ ይላል። እኔ ነኝ ለካ።

ባልደረባዬ ያዘኝ። የጎን ወንበሩ ላይ የሚሠራው። "ፕሮፌሰር" ነው የምንለው፤ የማያውቀው ነገር የለማ። ወይም ደግሞ አለማወቁን አያውቅም።

"አንተ ሙሽራ! ፊትህ ወዝ አወጣ እኮ!"

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተኝቼ ብቻዬን ስነቃ ኖሬ፣ አሁን ሚስት አለኝ። ሚስት! ያውም የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ያንን የሚያህል አውቶቡስ በአንድ እጇ ታዞረዋለች፤ እኔን ግን በጥቅሻ ብቻ።

ቅዳሜና እሑድ ሁለታችንም ዕረፍት ነበርን። ከቤት አልወጣንም። ዳቦ አለቀ። "አንተ ውጣና ግዛ"፣ "አንቺ ውጪ"... ማንም ሳይወጣ መሸ። ሌላውን አልጽፈውም። ግን ኧረ በዚህ ዕድሜ... ሰውነቴ ደክሞ ልቤ ይጨፍራል።

የአንዱን ደንበኛ ጺም በግራ በኩል ልክ አድርጌ፣ ቀኙን ረስቼ ሸኘሁት። መንገድ ተሻግሮ ተመለሰ። "ቀሪውን ለነገ አሳደርከው እንዴ?" አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሰሞኑን ሁሉም ሰው ይስቃል፣ ወይስ ለኔ ነው እንደዚያ የሚመስለኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ልጻፈው ወይስ ልተወው...

ገላዬን ስታጠብ። እንትኔ ላይ። ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ጋ እንበለው... ከቆዳው ሥር እንደ ክር የተጋደመ ነገር። ጠንከር ያለ። ዳሩ ላይ አተር የምታህል እብጠት። አያምም። አያሳክክም። አልቆሰለም። ስነካው ሸርተት ይላል። ትናንት አልነበረም። እምላለሁ አልነበረም!

ውሃው እላዬ ላይ እየወረደ ደርቄ ቆምኩ። ምንድነው? ከየት መጣ?

ከጋብቻ በፊት አብረን ተመርምረናል፣ ውጤቱንም አብረን ነው የሰማነው። ንጹሕ ነን። ከዚያ ወዲህ እኔ ሌላ ሴት ቀና ብዬ አላየሁም። ታዲያ... እሷ? አፈር ልብላ! ይህን ማሰቤ ራሱ! ነቀርሳ ቢሆንስ? ነቀርሳ በአንድ ቀን ይወጣል እንዴ?

ከውጭ በሩን ደበደበች። "ሰውዬ፣ ውሃውን ጨረስከው እኮ! እዚያ ውስጥ ትዋኛለህ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢና አብረን እንዋኝ እላት ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሞኝ ነኝ። ሞኝ ብቻ አይደለሁም፣ የሞኝ አለቃ ነኝ።

ሙያዬ ያመጣብኝ ጣጣ ነው። ይኸን ያህል ዓመት ጺም ስላጭ፣ የሰው አንገት ላይ እብጠት ባየሁ ቁጥር የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ አልኮል። ደንበኛው "እስስስ" ይላል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ በቃ። ስለዚህ ዛሬ ከጸጉር ቤቱ ጠርሙሷን በኪሴ ይዤ መጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጥጥ ነከርኩ። አደረግኩት።

ደንበኞቼ ሆይ፣ ይቅር በሉኝ። ለካ እንዲህ ነው።

ዘለልኩ። ባልዲው ላይ ወጣሁ፣ ከባልዲው ወደቅኩ፣ ባልዲው እየተንኳኳ ተከተለኝ። እንዳልጮህ ፎጣ ነከስኩ። ሚስቴ በሩን በርግዳ ገባች፤ መቀርቀሪያው እንደሆነ የሚይዘው ሲያሰኘው ብቻ ነው። እኔ ጎንበስ ብያለሁ፣ አንድ ፎጣ በጥርሴ፣ አንድ ፎጣ ከፊቴ።

"ምን ሆንክብኝ?!"

"ወገቤን!"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው። "ወገቤን... ቆረጠኝ!"

"አልኮል ነው እንዴ የሚሸተኝ?"

"ላሸው ብዬ..."

ደገፈችኝ። አልጋ ላይ በሆዴ አስተኝታ ወገቤን በቅባት አሸችልኝ። ያን የመሪ ጉልበቷን አውጥታ። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ሲሄድ ግን "ኧረ ወገቤን!" አልኩ። እጇን ሰበሰበች። ብርድ ልብስ አለበሰችኝና መብራቱን አጠፋች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አለ። ጠዋት አየሁት፣ ምሳ ሰዓት አየሁት፣ ማታ አየሁት። ይኸን ያህል ከታየ እሱም ሳያየኝ አይቀርም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ደፈርኩ። አንዱን ደንበኛ አረፋ ቀብቼ ምላጭ አንስቻለሁ። ሌላ ደንበኛ ፕሮፌሰር ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ተራ እየጠበቁ ጋዜጣ ያነባሉ።

"ፕሮፌሰር፣ አንድ የማውቀው ሰው... እንትኑ ላይ እብጠት ወጣበት።"

ፕሮፌሰር የጸጉር መቁረጫ ማሽኑን፣ ቶንዶሱን፣ አጠፋ። ቶንዶሱን ካጠፋ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

"ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነው።"

"የተቀመጠበት በሌላ በኩል አይደለም እንዴ?"

"ቅዝቃዜ ይዞራል" አለኝ ኮስተር ብሎ።

አረፋ የተቀባው ደንበኛዬ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ምን ታካብዳላችሁ? በምላጭ ጫር አድርጎ ማፍሰስ ነው" አለ።

ምላጩ በእጄ ነው። አገጩ ላይ ሸርተት አለብኝ። "ኧረ ቀስ!" አለ ሰውዬው፣ "የኔን አገጭ አላልኩህም!"

ሽማግሌው ጋዜጣቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ፣ "ያንን ሰው ሐኪም ዘንድ ስደዱት" አሉ።

"ለመሆኑ አግብቷል?" አለኝ ፕሮፌሰር።

"አዎ... ማለቴ... እንጃ።"

"ካገባማ አለቀለት። ሚስቱ እንዳየችው ጥላው ነው የምትሄደው!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ግን... ጥላኝ ብትሄድ... ኧረ አያድርገው። ያለሷ እንዴት ነበር የምኖረው? ረስቼዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሚስቴ ፍራሹ ሥር ጣውላ አስገባች። ለወገብ ጥሩ ነው ብለዋት። አሁን እውነትም ወገቤን እያመመኝ ነው።

ቤቱን ጠረገች፣ ልብሱን አጠበች፣ "አንተ እንዳትጎነበስ" እያለች። እኔ እንደ አራስ ትራስ ተደግፌ። አንጀቴን በላችው። ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠፋ። ከታች ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ቀና ስል በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ወገብህ?"

"አሁን... ውይ! አሁን መጣ!"

ያዝ አደረግኩ። ስይዝ ደግሞ ትከሻዬን! ሌላ ቀን ቢሆን ይህን አይታ መሬት ላይ ተንከባላ ነበር የምትስቀው። ዛሬ ግን አልሳቀችም። ጀሪካኖቹን ተቀብላኝ ገባች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ራት ላይ እንዲህ አለችኝ። "ከሠርጋችን በፊት እምቢ ያልኩትን ረጅም መስመር እንደገና ውሰጂ አሉኝ።"

ረጅም መስመር ማለት ወደ ሩቅ ከተማ መንዳት ነው። የሳምንቱን እኩሌታ ውጭ ማደር። እኔን ስታገባ "ባል ይዤማ በየሆቴሉ አላድርም" ብላ የተወችው።

"መቼ ነው መልሱ?"

"እስከ ዓርብ።"

ዓይኔን አየችኝ። አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው። አትሂጂ። ሌላ ምንም አልፈለገችም። እኔ ምን አልኩ?

"አንቺ እንዳልሽ።"

አንቺ እንዳልሽ! ምላሴ ይቆረጥ! ለአፍታ ታየኝ እኮ... ማታ ማታ ምክንያት ከመፈለግ አርፋለሁ ብዬ። ሳህኑን ሳልጨርስ አነሳችው። "በልተሃል" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አዳዲስ ሳሙናዎች ተደርድረዋል። የጽጌረዳው፣ የሎሚው፣ ሌላ ደግሞ የማላውቀው። ሽቶም አለ።

"እንግዳ ሊመጣ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥፋለች። ሳትዞር፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ። ጠረኔ አስጠላህ?" አለች።

"ምን?!"

"በመጀመሪያው ሰሞን አትጠግበኝም ነበር። አሁን ግድግዳውን ነው አቅፈህ የምትተኛው። ወገቤን ትላለህ፣ ጀሪካን ተሸክመህ ትሮጣለህ። ተጸጽተህ ከሆነ ንገረኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም፣ እችለዋለሁ።"

ድምፅዋ ግን አልቻለውም።

አፌን ከፈትኩ። ይኸው ልነግራት... "ወገቤን ነው" አልኳት። እንደገና! 

አፈርኩ። እንደ ዛሬ በራሴ አፍሬ አላውቅም። እየወደድኳት፣ እየሞትኩላት፣ ሳሙና አስገዛኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ... እኔ በሽታውን ደብቄ ሚስቴን ልጥላት ነው። በቃ። ነገ ሐኪም ቤት። ነገ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ ነው! ከየት ልጀምር?

የሚያውቀኝ እንዳይኖር ከሰፈር ራቅ ያለ ክሊኒክ መረጥኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፋሁ። ተጠራሁ። ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሐኪም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ጺሙን የምላጨው ደንበኛዬ! ዶክተር መሆኑን አውቃለሁ፤ የምን ዶክተር እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም።

እግሬ አውጪኝ ልል ዞርኩ።

"ና ተመለስ!" አለኝ። "አንተ ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ስታሳርፍ እኔ ሮጬ አውቃለሁ?"

እውነቱን ነው። ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አልኮሉንም ጭምር። አልኮሉ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"የጺሙን አልኮል?"

"የጺሙን።"

ዓይኑን ጠረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ግን ሐኪም ሆነ፤ ጓንት አጠለቀና መጋረጃውን ሳበ። "አትነቃነቅ" አለኝ። ይህን ቃል እኔ ነበርኩ ለሱ የምለው።

ጥያቄው ብዛቱ! ሽንትህን ያቃጥልሃል? አያቃጥለኝም። ፈሳሽ አለ? የለም። ቁስል? ትኩሳት? ብሽሽትህ አብጧል? ሲቆም ያምሃል? ፍሬዎችህስ? የለም፣ የለም፣ ደህና ናቸው።

"ከመታየቱ በፊት በነበሩት ቀናት... በዛ ብሎ ነበር?"

ወለሉን አየሁ። "ሙሽራ ነኝ፣ ዶክተር።"

"በል ነገሩ እሱ ነው!" አለ ጓንቱን እያወለቀ። "ስማኝ። ከደም ሥር ሌላ፣ ንጹሕ ፈሳሽ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ቆዳችን ሥር አሉ። ሊምፍ ይባላል። ግንኙነት ሲበዛ፣ ሲጠነክር፣ ሰበቃው ቱቦውን ያስቆጣዋል። ያብጣል፣ ይደድራል፣ ስትነካው እንደ ክር ይሆናል። ያንተም ይኸው ነው።"

"ነቀርሳ አይደለም?"

"አይደለም።"

"የአባለዘር..."

"አይደለም። አይተላለፍም። እሷ አልሰጠችህም፣ አንተም አልሰጠሃትም። ሁለታችሁ ተባብራችሁ ነው የሠራችሁት።"

ልስመው ነበር። ጠረጴዛው ከለከለኝ።

"መድኃኒቱስ?"

"ማረፍ። እስኪጠፋ ድረስ ግንኙነት የለም፤ ብቻህንም ቢሆን የለም። በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። አትጭመቀው፣ አትብጣው፣ ምንም አትቀባው። በተለይ..."

"አልኮል።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ። ወደፊት ደግሞ ረጋ በሉ፤ ደረቅ ከሆነ ከፋርማሲ ማለስለሻ ግዙ።"

ለማንኛውም ብሎ ደምና ሽንት አስመረመረኝ። ንጹሕ። ልወጣ ስል ጣቱን ቀሰረብኝ። "ብቻ ጸጉር ቤት ቁጭ ብለህ እብጠት ሁሉ ምንም አይደለም ብለህ እንዳታወራ! የሚያም ከሆነ፣ የቆሰለ ከሆነ፣ ፈሳሽ ካለው፣ ፍሬው ላይ ጠጣር ነገር ከተገኘ፣ መታየት ነው። ፍሬ በድንገት ካመመማ በሩጫ ነው። ያንተም በስድስት ሳምንት ካልጠፋ ተመለስ። ሚስትህ ምን አለች?"

"አታውቅም።"

አየኝ። "አሁን የታመምከው እዚህ ላይ ነው" አለ። ደረቴን በጣቱ ነካ አድርጎ።

ስወጣ የክሊኒኩን ዘበኛ አቅፌ ሳምኩት። "ወንድ ነው ሴት?" አለኝ ሰውዬው፤ ሚስቴ የወለደች መስሎት። "ክር ነው!" አልኩት። መንገዱን እየዘለልኩ ነው የመጣሁት።

ሚስቴ ዛሬ የማታ ፈረቃ ናት። ስትመጣ እነግራታለሁ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኋት እጽፋለሁ። እንደገባች፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እንቅልፍ ጣለኝ! ያን ሁሉ ቀን ዓይኔ ሳይከደን የከረምኩት ሰውዬ፣ በዚያች ምሽት እንደ ሕፃን! ስነቃ ነግቷል። ብርድ ልብስ ደርባልኛለች። ሄዳለች።

ዓርብ ነው። የመልሱ ቀን።

ሸሚዜን እየቆለፍኩ ወጣሁ። የሷ አውቶቡስ የሚያልፍበት ፌርማታ ጠበቅኩ። መጣች። ተጋፍቼ ገባሁና አጠገቧ ቆምኩ። ከራሷ በላይ "ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው" ይላል።

"የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ጌታዬ" አለችኝ። ይግቡ! ጌታዬ! እኔን!

"አንድ ደቂቃ ብቻ..."

"ተሳፋሪ፣ መንገድ አይዝጉ።"

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ዘንቢል የያዙ እናት ጣልቃ ገቡ። "አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋን አታውካት፣ ልትጨርሰን ነው!"

"ሚስቴ ናት፣ እማማ!"

"እና ቤት አትነጋገሩም?"

ከኋላ አንዱ "አጥፍቶ ነው!" አለ። ሌላው "ይቅር በይው፣ እህታችን፣ ሥራ ረፈደብን!" አውቶቡሱ በሙሉ ሽማግሌ ሆነልኝ። እሷ ወይ ፍንክች። መሪዋን ይዛ ፊት ለፊቷን ብቻ።

መጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ሰው ሁሉ ወረደ። ባለ ዘንቢሏ እናት ብቻ ዘንቢላቸውን ሲያስተካክሉ፣ ሲያስተካክሉ... "ይውረዱ፣ እማማ" አለቻቸው። ቅር እያላቸው ወረዱ።

ነገርኳት። በአንድ ትንፋሽ። ክሩን፣ አተሯን፣ ቱቦውን፣ ሰበቃውን፣ ዶክተሩን። እንደማይተላለፍ። ስለፈራሁ እንጂ ስለጠላኋት እንዳልሆነ። ጥላኝ እንዳትሄድ ስደብቅ ራሴ ልሸኛት እንደነበር። "እንኳን ጠረንሽ፣ አውቶቡስሽ ራሱ ይሸተኛል፣ ጥሩ ጥሩ!" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

መስታወቱን አየች።

"ወገብህስ?"

"ጤነኛ ነው። ከጣውላው በቀር።"

"ያን ቀን... ባልዲው..."

"አልኮሉ ነው።"

"እዚያ ላይ?"

"እዚያ ላይ።"

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፈነዳች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ግንባሯ መሪው ላይ ወደቀ፣ ክላክሱ ጮኸ፣ እሷ ሳትነሳ ክላክሱ ሳያቆም... ተቆጣጣሪው ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። እኔም እየሳቅኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስትነሳ ግን እንባዋ ይወርዳል። በኮፍያዋ ትመታኝ ጀመር።

"አንተ ቀጣፊ! እኔ ቆዳዬ እስኪላጥ ስታጠብ! ስንት ሳሙና ገዛሁ! ለምን አትነግረኝም? ሚስትህ አይደለሁም?"

"ነሽ።"

"ከእንግዲህ ጥፍርህ ቢሰነጠቅ ትነግረኛለህ።"

"ጥፍሬ ቢሰነጠቅ እነግርሻለሁ።"

አቀፍኳት። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለች። "ጠዋት ፈረምኩ" አለች።

"ምኑን?"

"ረጅሙን መስመር። ወር ሳይሞላ አይቀየርም።"

ደነገጥኩ። እሷ ግን እያሰበች ነው። "ዶክተሩ ይረፍ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"ይኸው፣ መሥሪያ ቤቴ አሳረፈህ!"

ክላክሱ እንደገና ጮኸ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ከሩቅ ከተማ ደወለች። "እሱ እንዴት ነው?" ትለኛለች፣ እንደ ልጅ።

"ሰላም ብሎሻል።"

"አታናግረው፣ ይረፍ!"

ስልኩን ዘግቼ ባዶ አልጋ ላይ ስስቅ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ናፈቀችኝ። አለመኖሯ እንደ ጣውላው ይቆረቁረኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቤት ናት። እኔ ሶፋ ላይ እንድተኛ ወሰነች። "እዚህ ከሆንክ ሁለታችንም አንታመንም" አለች። በሩን ዘግታ ከውስጥ ታወራኛለች፣ እኔ ከውጭ እመልሳለሁ። የሰፈር ኮረዳና ጎረምሳ ሆነናል። በበሩ ሥር ብስኩት አሳለፈችልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ቀጥኗል። አተሯ የለችም። ደውዬ ነገርኳት። መኪና እየነዳች ስለነበር ረዳቷ ነው ያነሳው። "ቀጥኗል በልልኝ" አልኩት። "ማን?" አለ። "እሷ ታውቃለች።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠፋ!!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዶክተር ለጺም መጣ። አረፋው ውስጥ ሆኖ በቅንድቡ ጠየቀኝ።

"ጠፍቷል፣ ዶክተር።"

"ሌላ ሳምንት ጨምርበት። ከዚያ ይቻላል። በቀስታ።"

"ምኑ ነው የጠፋው?" አለ ፕሮፌሰር፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ።

ያ የማውቀው ሰው እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ሲሚንቶ ላይ አለመቀመጤንም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ወዲያው ግን፣ "እኔም እኮ ሰበቃ ነው ልልህ ነበር" አለኝ። ዶክተር እንዳይስቅ ጉንጩን ያዝኩለት፤ ምላጭ ላይ ነን።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ወሯ ሞላ። ወደ ከተማ መስመር መልሱኝ ብላ አመለከተች። አለቃዋ ምክንያቱን ጠየቃት።

"ባሌ ታሞ ነበር፣ አሁን ተሻለው።"

"ሲታመም ሄደሽ ሲሻለው ትመለሻለሽ እንዴ?"

"ምክንያቱ እሱ ነው" አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ፈረመላት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሚስቴ የሥራ ባልደረቦች፣ ሦስት ሾፌሮች። ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው። ወሬው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበትን ዴፖ ዞሮ ዞሮ የሾፌሯ ባል ከሞት ነው የተረፈው ተብሏል።

ተቀመጡ። አንዱ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ፣ እንደ በሽተኛ።

"እንኳን እግዚአብሔር ማረህ" አሉኝ ታላቅየው፣ ሽበት ያወጡት። "ለመሆኑ ምንህን ነበር?"

ሚስቴ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሺህ መልስ ነበረኝ። ሆዴን ብል፣ ሳንባዬን ብል ማን ይመረምረኛል?

"ብልቴን" አልኩ።

ብርቱካን የሚልጠው እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ ግን ከጀመርኩ አላቆምም፤ ሁሉንም አወራኋቸው፣ ከክሩ እስከ ክላክሱ። ባልዲው ላይ ስደርስ ሽበታሙ ሾፌር ከሶፋው ተንሸራተው ወረዱ። እንባቸው እየፈሰሰ፣ "አልኮል! ወይኔ ልጄን!" ይላሉ።

ወጣቱ ሳቁን ሳይጨርስ፣ "ቆይ ቆይ... እንደ ክር ነው ያልከው? አምና እኔንም... ጠፋ እንጂ። ስንት ሌሊት ነው የጸለይኩት!" አለ። ሽበታሙም ተጠጉኝ። "እኔ ደግሞ ዙሪያውን ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ ነገር፣ ከጉርምስናዬ ጀምሮ... ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።" እየተሻሙ ማውራት ጀመሩ። ሚስቴ ሻይ ይዛ ስትገባ ጭጭ አሉ። "ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" ብላ ሻዩን አስቀምጣ ተመለሰች።

ሦስተኛው ግን ብርቱካኑን በእጁ ያዞረዋል።

"ፍሬው ላይ ቢሆንስ?" አለ ቀስ ብሎ። "አያምም። ጠጠር ነገር ነው። ከርሟል።"

ሳቁ ቆመ። የሱ እንደኔው ክር አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዶክተሩ ጣቱን የቀሰረብኝን ግን አልረሳሁም።

"ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን" አልኩት። "ሐኪሙ ጓደኛዬ ነው። ይህ ሲታይ ነው የሚታወቀው፤ ቶሎ ከታየ ደግሞ ይታከማል።"

"ለሚስቴ ምን ልበላት?"

"አብራን ትምጣ።"

አሰበ፣ አሰበ። ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ለማለት። እጁን ያዝኩት። ሽበታሙ ሾፌር ጠዋት ፈረቃውን እሸፍንለታለሁ አሉ። ሲወጡ በር ላይ ሁላችንም ተቃቀፍን፤ ሦስቱም ጮክ ብለው እያወሩ ነው ደረጃውን የወረዱት።

በሩን ዘጋሁ። ሚስቴ ቀድማኝ መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

"ሳምንቱ ሞላ አይደል?" አለችኝ።

"ትናንት።"

"ዶክተሩ ምን ብሎ ነበር?"

"በቀስታ።"

"እኔ ሾፌር ነኝ" አለች፣ "ቀስ ብሎ መንዳት አያቅተኝም።"

እየጠራችኝ ነው። ይብቃኝ፣ ሄድኩ።